ባዶው ጠርሙስ ይመለሳል

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትለዋን ጥቅስ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ያላነበበ መንገደኛ ካለ ዓይኑን ጨፍኖ የተጓዘ መሆን አለበት፡፡ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» ከምትለው እህቷ ጎን ተለጥፋ፣ አቧራ ጠጥታ፣ ሕግ መስላ ትኖራለች፡፡ ሕግ ግን አይደለችም፡፡ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ጉድለት ያለበት ዕቃ የደረሰው ሸማች ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፡፡ እንግዲህ አዋጁ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ነው፣ ጥቅሷ ግድግዳ ላይ፡፡ ሸማቹ የሚያነበው ደግሞ ግድግዳውን ነው፡፡

የሚገርመው በዚያው ሱቅ የሚመለስ ነገር መኖሩ ነው፤ ባዶ ጠርሙስ! የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ ማስያዣ አለው፡፡ ልጅ እንኳ ለስላሳ ሲላክ ወይ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ይሄዳል፣ ወይ ማስያዣ ይከፍላል፡፡ መቂ ላይ የተጠጣው፣ ባቱ ላይ የተጠጣው፣ አርሲ ነገሌ ላይ የተጠጣው ሁሉ ተለቅሞ፣ በሳጥን በሳጥኑ ሆኖ ወደ አከፋፋዩ፣ ከዚያም ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፡፡ አንድ ጠርሙስ ቢጎድል ከፋዩ ይታወቃል፡፡ እስቲ ልብ በሉ፤ የመመለሻው መንገድ አለ ማለት ነው፡፡ የሚጓዝበት ግን ባዶው ብቻ ነው፡፡ ሙሉው ጠርሙስ ውስጥ ባዕድ ነገር ሲዋኝ ቢገኝ፣ ባለሱቁ ደግ ከሆነ «አምጣው፣ ልቀይርልህ» ይላል፡፡ ጠጪው አመስግኖ ይሄዳል፡፡ በዚያው ቀን ከዚያው ማሽን የወጡት የጠርሙሱ ወንድሞችስ? እነሱን የሚጠይቅ የለም፡፡ ባዶው ጠርሙስ ማስያዣ አለው፤ የጠጪው ጤና ግን ዋስ የለውም፡፡

ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ማስታወቂያንም እንደ ድርሰት የማንበብ አባዜ አለብኝ፡፡ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ለጤና አስጊ የሆነ ምርት ከገበያ እንዲሰበሰብ የማድረግ ሥልጣን አለው፡፡ በቅርብ ዓመታትም የምርቶችን ስም እየዘረዘረ አስጠንቅቋል፡፡ ደግ አድርጓል፡፡ ጆሯችን ላይ የሚቀረው ግን ኅብረተሰቡ ከመጠቀም እንዲቆጠብ የሚለው ማሳሰቢያ ነው፡፡ ተማሪዎቼን «የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የታለ?» እያልኩ አስጨንቃቸው ነበር፡፡ እዚህም ጥያቄዬ ያው ነው፡፡ ምርቱ «ይሰበሰባል»፤ ማን ይሰበስበዋል? በስንት ቀን? ቤቱ የገባውን ሰው ገንዘብ ማን ይመልስለታል? አማርኛችን «ባለቤት» የሚለውን አንድ ቃል ለሰዋስውም ለንብረትም የሰጠን ያለ ነገር አይመስለኝም፡፡ ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲያጣ ጥፋቱም ባለቤት ያጣል፡፡ ከታገዱት ምርቶች መካከል ደግሞ የአምራቹ አድራሻ ጭራሽ ያልተጻፈባቸው አሉ፡፡ አድራሻ የሌለውን ዕቃ ለማን ይመልሱታል?

ምርት መሰብሰብ ውርደት የሚመስለው ነጋዴ ካለ ዓለምን ይመልከት፡፡ እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ የፈረንሳዩ ፔሪዬ ውኃ ካንሰር አምጪ ኬሚካል ሲገኝበት፣ ኩባንያው ከመላው ዓለም 160 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ ሰብስቧል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2004 ኮካ ኮላ ዳሳኒ የተባለውን የታሸገ ውኃ እንግሊዝ አገር ለገበያ ባቀረበ በሳምንታት ውስጥ፣ ብሮሜት የተባለ ንጥረ ነገር ከተፈቀደው መጠን በልጦ ስለተገኘ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ጠርሙስ መልሶ ወስዷል፡፡ ሁለቱም ጻድቃን ስለሆኑ አይደለም፤ የፔሪዬ ሰዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ ቃላቸው ተለዋውጦ ነበር፡፡ ቢሆንም ማን እንደሰበሰበ፣ ምን እንደሰበሰበ፣ ስንት እንደሰበሰበ ሕዝቡ ያውቃል፡፡

«የታሸገ ውኃ የቅንጦት ነገር አይደል እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም፡፡ በስምጥ ሸለቆ አይደለም፡፡ በዚህ ምድር ብዙ ቦታ የጉድጓዱ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ወንጂ ላይ ከዚያ የበለጠውን ለዓመታት ሲጠጡ ከኖሩት የስኳር እርሻ ሠራተኞች መካከል ጥርሳቸው ከመበለዝ አልፎ አከርካሪያቸው ደርቆ የቀረ አሉ፡፡ ፍሎራይድ ደግሞ በማፍላት አይወጣም፤ ውኃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይበረታል፡፡ ስለዚህ ለልጇ የታሸገ ውኃ የምትገዛ የመቂ እናት የምትገዛው እምነትም ነው፡፡ የፕላስቲኩ ጠርሙስ ግን እንደ ብርጭቆው ማስያዣ ስለሌለው የመመለሻ መንገድም የለውም፡፡ ስሙ እንኳ የራሱ አይደለም፡፡ የአንድ ፋብሪካ ስም የነበረው «ሃይላንድ» የፕላስቲክ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ፣ የመንገድ ዳር ሕፃናት ባዶውን ከመኪና የሚለምኑበት ቃል ሆኗል፡፡ ሁሉም ሃይላንድ ከሆነ ጥፋተኛው የቱ ነው?

እኔ የምፈልገው ዓረፍተ ነገር ረጅም አይደለም፡፡ «በዚህ ቀን የተመረተውን፣ ይህ ቁጥር የተጻፈበትን ውኃ እኔ እገሌ የተባልኩ ፋብሪካ እሰበስባለሁ፤ የገዛችሁበት ሱቅ ገንዘባችሁን ይመልስላችኋል፤ ለባለሱቁ እኔ እተካለሁ» ይበል፡፡ የመጨረሻዋ ሐረግ እንዳትዘለል፤ ኪሳራው በባለሱቁ ጫንቃ ላይ የሚወድቅ ከሆነ ዕቃውን ከመደርደሪያው ጀርባ ይደብቀዋል እንጂ አይመልሰውም፡፡ ይህም በአማርኛም በኦሮምኛም፣ በገበያ ቀን፣ በድምፅ ማጉያ ይነገር፡፡ ከወር በኋላ ደግሞ ስንት ወጥቶ ስንት እንደተመለሰ ባለሥልጣኑ ይንገረን፡፡

«አገሩ ሰፊ ነው፣ አይቻልም» የሚለኝ አከፋፋይ ካለ ግን አልሰማውም፡፡ ባዶውን አንድ በአንድ ቆጥሮ የሚረከብ ሰው ሙሉውን መቁጠር እንዴት ያቅተዋል?