መዝገብና ግምት፤ የንግድ ማሻሻያው ከብቸናና ከሞጣ ገበያ ሲታይ

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት ነጋዴው ተወዳድሮ መኖር እንዲችል በማሰብ ብዙ ሕጎችን አሻሽሏል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ሥርዐት ተቃለለ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አብዛኛው ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ተተካ፤ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚያህል ገንዘብ ለመንግሥት ሰነድ መግዣ እንዲያውሉ ያስገድድ የነበረው መመሪያ በ2012 ዓ.ም. ተነሣ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ አዋጅ ጸደቀ። ይህን ሁሉ በአንድ አጭር ጽሑፍ መመርመር አይቻልም። እኔ የምተቸው ለትንሹ ነጋዴ ይበልጥ ይጠቅማል የተባለውን አንዱን፣ ይኸውም በተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሚሰጥ ዋስትና የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1147/2011ን ሲሆን፣ የምመለከተውም ከምሥራቅ ጎጃም ሁለት ከተሞች፣ ከብቸናና ከሞጣ ገበያ ነው።

አዋጁ በሐሳቡ መልካም ነው። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት አንድ ሰው ተንቀሳቃሽ ንብረቱን መያዣ ለማድረግ ቢፈልግ ንብረቱን ለአበዳሪው ማስረከብ ነበረበት። በሬውን ያስረከበ ገበሬ በምን ያርሳል? የልብስ ስፌት መኪናውን ያስረከበ ሰፊስ በምን ይሰፋል? ስለዚህ ባንኮች ቤት ወይም መኪና ያለውን ሰው ብቻ ሲያዩ ኖሩ። አዲሱ አዋጅ ግን እህሉን፣ ከብቱን፣ ወፍጮውን፣ ከዚህም አልፎ ነጋዴው ከሌላ ሰው የሚጠብቀውን ገንዘብ፣ በብሔራዊ ባንክ በተቋቋመው መዝገብ አስመዝግቦ እንዲበደርበት ፈቀደ።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ። ብቸናና ሞጣ የጤፍ አገር ናቸው። የከተማው እህል ነጋዴ በገጠር ለሚዞሩ ሰብሳቢዎች አስቀድሞ ገንዘብ ይሰጣል፤ ሰብሳቢው ከገበሬው ጥቂት በጥቂት ገዝቶ ያመጣል፤ ነጋዴውም ኩንታሉን በኢሱዙ ጭኖ በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይልካል። ዋጋውን የሚያገኘው ከሰነበተ በኋላ በደላላው በኩል ነው። ስለዚህ ሀብቱ በማናቸውም ቀን ቢታይ የሚበዛው በመጋዘኑ ሳይሆን በሰው እጅ ነው። አዋጁ መያዣ ይሁን ያለው ይኸንኑ ነበር፤ በየትኛው ወረቀት ላይ ተጽፏል ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልስ የለም። አንድ የብቸና ነጋዴ የዱቤ ደብተራቸውን አሳይተውኛል። ስምና ቁጥር ብቻ ነው፤ ቀን የለውም፣ ፊርማ የለውም፣ ከስሞቹም ግማሾቹ የቅጽል ስም ናቸው። «እኔ ካወቅኋቸው ይበቃል» አሉኝ።

በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የሒሳብ አያያዝ ያስተማሩን መምህር መዝገብ አለመያዝን እንደ ስንፍና ይቆጥሩት ነበር፤ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ እንዲሁ አስብ ነበር። ስሕተት ነው። ነጋዴው የማይጽፈው መጻፍ ስለማይጠቅመው ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ዓመታዊ ገቢው ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነጋዴ በደረጃ «ሐ» ተመድቦ መዝገብ እንዲይዝ አይገደድም ነበር፤ ግብሩም በግምት ይወሰንበት ነበር። ባልተጻፈው ነገር ነጋዴው ይከራከራል፤ በተጻፈው ግን ይያዛል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት በተነገረ ጊዜ በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች እስከ መዘጋት የደረሱት በዚሁ በግምቱ የተነሣ ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ሦስቱን ደረጃዎች ሁለት አድርጎ፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነው ነጋዴ በትርፉ ሳይሆን በጠቅላላ ሽያጩ እንዲከፍል አደረገ። ይህ ለሠራተኛው ይቀላል፤ በኩንታል ጥቂት ብር እያተረፈ ብዙ ኩንታል ለሚያዞረው ለእህል ነጋዴ ግን ከባድ ነው። ሽያጩን አንድ በአንድ የጻፈ ሰው በገዛ እጁ ግብሩን አበዛ ማለት ነው።

እንግዲህ አንዱ የመንግሥት እጅ «ጻፍና ተበደር» ሲል ሌላው «በጻፍኸው እይዝሃለሁ» ይላል። አዋጅ 1147 ያሻሻለው የመጀመሪያውን እጅ ብቻ ነው።

ግምት የሚለው ቃል ደግሞ በዚህ አገር ቀላል ቃል አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የብቸናና የሞጣ አውራጃዎች ገበሬዎች መሣሪያ ያነሡት ገንዘቡን ብቻ ጠልተው አልነበረም፤ ገማች መጥቶ ማሳቸውንና ምርታቸውን ከጻፈ ርስታቸው ውሎ አድሮ ከእጃቸው ይወጣል ብለው ሰግተው ነው። ነገሩ አውሮፕላን እስከማሰማራት ደረሰ፤ እንደራሴው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ በመጨረሻም ውዝፍ ግብሩ ተማረ። ይህን ሰምቶ «ጎጃሜ ጽሕፈት አይወድም» የሚል ቢኖር ግን ተሳስቷል። የእነዚያው ገበሬዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን በሣጥን ቆልፈው ያኖራሉ፤ ያ ጽሕፈት የሚጠብቀው ባለቤቱን ነውና። የክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009 በመሬት የመጠቀም መብትን አስይዞ መበደርን የፈቀደው ይህ እምነት ከተገኘ በኋላ ነው።

ይህ ነገር ለምን ሳይታይ ቀረ? በእኔ አስተያየት መለኪያው አዲስ አበባ ላይ ስለ ነበረ ነው። ማሻሻያው ሲጀመር ዓይን የተጣለው በዓለም ባንክ የንግድ ቅልጥፍና ደረጃ ላይ ሲሆን፣ በ2020 እ.ኤ.አ. መግለጫ ኢትዮጵያ ከ190 አገሮች 159ኛ ነበረች። መግለጫው ከአገራችን የሚመዝነው አዲስ አበባን ብቻ ነበር። ባንኩ ራሱም አኀዞቹ ተዛብተው በመገኘታቸው በ2021 እ.ኤ.አ. ሥራውን አቆመው።

አንድ መቃወሚያ ሊቀርብብኝ ይችላል፤ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ጸደይ ባንክ የሆነው፣ ያለ መዝገብ በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖሯል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የቡድን ዋስትና ለትንሽ ብድር እንጂ ኢሱዙ ሙሉ ጤፍ ለሚገዛ አይበቃም። በሌላ በኩል ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ሲወስን (በኋላ ከፍ አድርጎታል)፣ ባንክ የሚታወቀውን ትልቅ ተበዳሪ ማስቀደሙ አያስደንቅም። ጸጥታም አለ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ሲቃጠሉ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች አብረው ተቃጠሉ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም ክልሉ ጦርነት አይቷል። የሚቃጠል መያዣ ለአበዳሪ ምን ይሆነዋል? ለዚህ ሕግ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም።

ሕግ ሊያደርገው የሚችለው ግን አለ። የግብሩ መሥሪያ ቤትና ብሔራዊ ባንክ ተስማምተው፣ በፈቃዱ መዝገብ የጀመረ ነጋዴ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት መዝገቡ ያለፈውን ግምት ለመጨመር እንዳይጠቀስበት ቢደነግጉ፣ ግምት ሲሰጥም ስሌቱ ለከፋዩ በጽሑፍ ቢደርሰው፣ መንግሥት ለጊዜው ጥቂት ገቢ ይቀርበት ይሆናል እንጂ አዋጅ 1147 ወደ ገበያው ይገባል። ይህን ሐሳብ ለብቸናው ነጋዴ ነገርኋቸው። ደብተራቸውን ጥቂት አገላበጡና፣ «ቀኑን ከነገ ጀምሮ እጽፋለሁ፤ ስሙን ግን አስብበታለሁ» አሉኝ።