የፒተር ግሪን ጊታርና ዝምታው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ እንግሊዛዊው ጊታር ተጫዋች ፒተር ግሪን ስጽፍ፣ «እንዲህ ያስጫወተው ዕብደቱ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር አስፍሬ ነበር። ጓደኞቼ ወደዱልኝ። ዛሬ ያን ዐረፍተ ነገር ብፍቀው ደስ ይለኛል።

ግሪን በ1946 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በምሥራቅ ለንደን ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው በጆን ሜየል ባንድ ውስጥ የኤሪክ ክላፕተንን ቦታ ያዘ። ክላፕተንን ደግሞ ለንደን እንደ አምላክ ታየው ነበር። ግሪን በጣት ፍጥነት ሊበልጠው አልሞከረም። በ1967 ፍሊትውድ ማክን ሲያቋቁም እንኳ ባንዱን የሰየመው በከበሮ መቺውና በቤዝ ተጫዋቹ ስም ነው። መቼም የራሱን ስም ከፊት መስቀል የማይወድ ባንድ መሪ ብዙ አናይም።

«አልባትሮስ»ን አድምጡት። በ1969 መጀመሪያ በእንግሊዝ አንደኛ የወጣ፣ አንድም ቃል የሌለበት ሙዚቃ ነው። ጊታሩ አንድ ድምፅ ያወጣና ይጠብቃል። ሌላው ቢሆን ያን ክፍት ቦታ በጣት ሩጫ ይሞላው ነበር። ግሪን ግን ይተወዋል።

አንዳንዶች ምስጢሩ ከጊታሩ ነው ይላሉ። እውነት ነው፣ የ1959ኙ ሌስ ፖል አንዱ ማግኔት ተገልብጦ ስለነበር ሁለቱ ድምፅ መቀበያዎች አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ይሳሳል። ነገር ግን ያው ጊታር ለጌሪ ሙር ተሸጦ፣ ሙርም በ1995 የግሪንን ሥራዎች በሙሉ አልበም ተጫውቶበታል። ሙር የተዋጣለት ሰው ነው፤ ጊታሩ ግን በእሱ እጅ ብዙ ያወራል።

ወደ ዕብደቱ ልመለስ። ግሪን ያገኘነውን ገንዘብ ለችግረኛ እንስጥ ብሎ ጓደኞቹ ሳይስማሙ ቀሩ፤ በ1970 ባንዱን ለቀቀ። ከዚያ ስኪዞፍሬኒያ፣ ሆስፒታልና የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና ተከተሉ። ሙዚቃውን የሰጠው ሕመሙ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ዓመታት የምርቱ ወራት መሆን በተገባቸው ነበር። እሱ ግን ጊታር ሳይነካ የከረመበት ጊዜ ነው። ትልልቆቹን ሥራዎች የሠራው ጤነኛ ሳለ፣ አስቦና መርጦ ነው። እኔ ያንን ልፋቱን ነጥቄ ለበሽታው ሰጥቼ ኖሯል።

ግሪን በ2020 በ73 ዓመቱ ዐረፈ። በ1998 ስፕሊንተር ግሩፕ ከተባለው ባንድ ጋር ያሳተመውን የሮበርት ጆንሰን ዘፈኖች አልበም ሰሞኑን ደግሜ ሰማሁት። ጣቶቹ ዝለዋል፣ ጉሮሮው ሻክሯል። አንዷን ድምፅ ካወጣ በኋላ ግን እስክትጠፋ ድረስ አሁንም ይጠብቃታል።