አደይ በግጥምና በማሳ

ዘመን በተለወጠ ቍጥር ስለ አደይ አበባ የሚጻፈው ግጥም እጅግ ብዙ ነው። አብዛኛውም አንድ መልክ አለው፤ መስኩ ወርቅ ይለብሳል፥ ክረምቱ ይሸኛል፥ ተስፋ ይፈነጥቃል። ቤቱ ይመታል፥ ዜማውም አይጐድልም። ነገር ግን ገጣሚው አበባውን በዓይኑ ማየቱን የሚመሰክር አንድ ቃል ስንፈልግ እናጣለን።

አምና በእብናት የተማሪዎችን የግጥም ውድድር እንድንዳኝ ተጠርተን ነበር። አንድ ተማሪ፥ እናቱ ከጤፍ ማሳ አደይን ስታርም፥ ከነቀለችውም ጥቂቱን ለይታ ለሴት ልጇ የእንቍጣጣሽ አበባ ስታስቀምጥላት የሚያሳይ ግጥም አቀረበ። እኛም «የበዓሉን ክብር ይቀንሳል» ብለን ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠነው። ፍርዳችን ስሕተት እንደ ነበረ ዛሬ ልንናገር ይገባናል። ግጥሙ እንከን የለሽ ነበር ማለታችን አይደለም፤ ሁለት ስንኞቹ ሰባሮች ነበሩ። እኛ የቀጣነው ግን ስብራቱን ሳይሆን እውነቱን ነው።

ስለምን ቢሉ፥ አደይ በተራራው ላይ ጌጥ ቢሆንም በማሳ ውስጥ አረም ነው። በአንድ ክረምት በቅሎ፥ በመስከረም አብቦ፥ ዘሩን በትኖ ይደርቃል። ዘይት የምናወጣበት ኑግ የሥጋ ዘመዱ ነው። ንብም ታውቀዋለች፤ በጥቅምትና በኅዳር የሚቈረጠው ማር ከእርሱ ድርሻ አለው። የዕፀዋት ሊቁ ዶክተር መስፍን ታደሰ በ1984 እ.ኤ.አ. የአደይን ወገን ዝርያዎች ለይተው ያሳተሙት አንድ ብቻ ስላልሆነ ነው።

ደግሞም አንድ አበባ የሚመስለን የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው። በዳር ቆመው የሚያበሩት ቢጫዎቹ ንብን ይጠራሉ እንጂ ዘር አይሰጡም፤ ዘሩ የሚገኘው ዓይን ከማያተኵርበት ከመካከሉ ነው። ሰምና ወርቅ ለሚወድ ሕዝብ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ወዴት ይገኛል? ገጣሚዎቻችን ግን ከቀለሙ አልፈው አልተመለከቱም።

ልጃገረዶች «አበባየሆሽ» እያሉ የሚዞሩበትን፥ በጎንደርና በጎጃም እንግጫ የሚነቅሉበትን ደስታ የሚነካ የለም። የደስታው አበባና የድካሙ አረም አንድ መሆኑን የሚያውቅ ገጣሚ ግን በዓሉን አብልጦ ያከብረዋል። ስለዚህ መምህራን ግጥም ከማዘዛቸው አስቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ወደ ማሳው ቢያወጡ መልካም ነው። ያ ተማሪ በእኛ ነጥብ ምክንያት ብዕሩን አስቀምጦ እንደ ሆነ፥ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የእኛ ነው።