ጠፍ ያልሆነ መሬት፤ ስለ ባንሂል ፊልድስ መቃብርና መናፈሻ የቀረበ ሒስ

በትልልቅ ከተሞች መካከል በሕንጻ ተከበው የቀሩ አሮጌ መካነ መቃብሮች ለሕያዋን ማረፊያ ይሁኑ የሚለው ሐሳብ አሁን አሁን በከተማ ፕላን ሊቃውንት ዘንድ እንደ አዲስ ግኝት ሲነገር ይሰማል። ሐሳቡ ግን አዲስ አይደለም። እንግሊዞች ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ ሞክረውታል፤ ሕግም አውጥተውለታል፤ ጥቅሙንም ጉዳቱንም አይተውታል። ስለዚህ ነገሩን የሚመረምር ሰው ከምኞት ሳይሆን ከተፈጸመ ሥራ ቢነሣ ይሻለዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው በሎንዶን ከተማ በሲቲ ሮድ ዳር የሚገኘውን ባንሂል ፊልድስ የተባለውን መካነ መቃብርና አርክቴክቱ ፒተር ሼፐርድ በ1964 እና በ1965 ያደረገለትን ለውጥ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የቦታው ስም «የዐፅም ኰረብታ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እንደ መጣ ይነገራል። ምክንያቱም በ1549 ከቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የዐፅም ቤት ከሺህ ጋሪ በላይ የሆነ ዐፅም ተግዞ በዚያ ሜዳ በመጣሉ ነው። በ1665፣ ታላቁ ወረርሽኝ ሎንዶንን በመታበት ዓመት፣ ስፍራው ለመቃብር ተከለለ። ከዚያም ወዲህ የመንግሥቱን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አንቀበልም ያሉ ክርስቲያኖች፣ በተባረከ መሬትና በሌላ ቄስ ጸሎት መቀበርን የማይፈልጉ፣ ሙታናቸውን የሚያሳርፉበት ሆነ። መጽሐፉ ወደ አማርኛ ከተተረጐመ ብዙ ዘመን የሆነው ጆን ቡንያን በ1688 የተቀበረው እዚህ ነው። የሮቢንሰን ክሩሶ ደራሲ ዳንኤል ዴፎም በ1731፣ ባለቅኔውና ሠዓሊው ዊልያም ብሌክም በ1827 በዚሁ ዐረፉ። በ1854 መቃብሩ እስኪዘጋ ድረስ በዚያች ጠባብ መሬት ወደ 120,000 የሚሆን ሰው ተቀብሯል። መሬቱ ከ2 ሄክታር ያንሳል፤ እንግዲህ ሰው በሰው ላይ እንደ ተደራረበ መገመት አያስቸግርም።

በ1867 ስለ ስፍራው የተለየ ሕግ ወጣ፤ በ1869 ደግሞ ለሕዝብ መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ። ይህም ብቻውን የተደረገ አልነበረም። በ1852 በወጣው ሕግ ምክንያት በሎንዶን መካከል ያሉት መቃብሮች እየተዘጉ ሄዱ። በ1882 አሮጌ መቃብሮችን ወደ መናፈሻ ለመለወጥ የሚደክም ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1884 ደግሞ በተዘጋ መቃብር ላይ ቤት መሥራትን የሚከለክል ሕግ ታወጀ። ይህ ሕግ እስከ ዛሬ የሚጠቅም፣ ሊመሰገንም የሚገባው ነው፤ እርሱ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምናያቸው ትናንሽ አረንጓዴ ስፍራዎች የመጋዘንና የባንክ ቤት መሠረት ሆነው በቀሩ ነበር። ኢዛቤላ ሆልምስ የተባለችው ሴትም አሮጌ ካርታ ይዛ በየመንደሩ እየዞረች የተረሱትን መቃብሮች ፈልጋ መዝግባ በ1896 መጽሐፍ አሳትማለች። የባህል ጥናት ተማሪዎቻችን የእርስዋን ትዕግሥት ቢመለከቱት ከብዙ የቲዎሪ መጽሐፍ ይልቅ ይጠቅማቸዋል።

ይሁን እንጂ በሕጉ ቃል ውስጥ አንድ ስውር ነገር አለ። ሕጉ እነዚህን ስፍራዎች የሚጠራቸው «አገልግሎታቸው ያበቃ» በሚል ስም ነው። በእኛ ቋንቋ ባለቤቱ የተወው መሬት ጠፍ ይባላል። ጠፍ መሬት ደግሞ ለመጣ ሰው የተዘጋጀ ነው፤ የሚያርሰው ይገኝ ብቻ ነው። ታዲያ መቃብር አዲስ ሬሳ መቀበል ስላቆመ ጠፍ ይሆናልን? የእንግሊዝ ሕግ የመቃብርን አገልግሎት የሚመለከተው እንደ ጐተራ ነው፤ ሲሞላ አገልግሎቱ ያበቃል። ነገር ግን ለቀባሪው ወገን የመቃብር ሥራ የሚጀመረው ጉድጓዱ ከተደፈነ በኋላ ነው። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ የመናፈሻ ነዳፊ እጁ ምንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን ባዶ ሜዳ እንደ ተሰጠው አድርጎ መሥራቱ አይቀርም።

ወደ ሼፐርድ ሥራ እንመለስ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ቦምብ ስፍራውን ክፉኛ ጐድቶት ነበር፤ ከጦርነቱም በኋላ ለዓመታት በብዙ ሐውልት ስብርባሪ ተሞልቶ ቆየ። ሼፐርድ መሬቱን በሁለት ከፈለው። በሰሜን በኩል ያሉትን የተሰበሩ ሐውልቶች አንሥቶ ሣር አለበሰው፤ አግዳሚ ወንበሮችም አኖረ። በደቡብ በኩል ያሉትን ሐውልቶች እንደ ነበሩ ትቶ በብረት ዐጥር ከለላቸው። በመካከል ሰፊ የድንጋይ መንገድ ሰውን ከሲቲ ሮድ ወደ ባንሂል ሮው ያሻግራል። ቀን በምሳ ሰዓት ከመሥሪያ ቤት የወጡ ሰዎች ዳቧቸውን ይዘው በጥላው ሥር ይቀመጣሉ፤ የሚያነብ ያነባል፤ የሚያንቀላፋም ያንቀላፋል። ለትምህርት በሎንዶን በነበርሁበት ዘመን ደጋግሜ ሄጄ ተመልክቼዋለሁ፤ ዝምታው ያለ ጠባቂ ቍጣ የሚከበር ዝምታ ነው። እንደ መናፈሻ ሲመዘን ሥራው የተዋጣለት ነው። ለዛፎቹ አዘነ፤ ጌጥ አላበዛም፤ ፏፏቴና የመሳሰለውን አላስገባም። ብዙ አርክቴክቶች በሰው መቃብር ላይ የራሳቸውን ሐውልት ሲያቆሙ ስላየን ይህ ትሕትናው ቀላል ምስጋና የሚገባው አይደለም።

ጕድለቱ የሚታየው በብሌክ መቃብር ነው። ብሌክ ድኻ ሆኖ ስለ ሞተ የተቀበረው ከላዩም ከሥሩም ሌሎች ሰዎች በተቀበሩበት የጋራ ጉድጓድ ነው፤ በዘመኑም ድንጋይ አልቆመለትም። የመቃብሩ መዝገብ ግን ስፍራውን በምሥራቅና በምዕራብ 77፣ በሰሜንና በደቡብ 32 ብሎ በቍጥር አስቀምጦት ነበር። በ1927፣ በሞተ በመቶ ዓመቱ፣ ድንጋይ ተተከለለት። በ1965 የሰሜኑ ክፍል ሣር ሲለብስ ይህ ድንጋይ ከስፍራው ተነሥቶ በዴፎ ሐውልት አጠገብ ቆመ። በላዩ ላይ የተጻፈውም የብሌክና የሚስቱ ዐፅም በአቅራቢያው እንደሚገኝ የሚናገር ነበርና፣ ድንጋዩ ሲዛወር «አቅራቢያው» የሚለው ቃል እየሰፋ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ያህል የብሌክ ወዳጆች አበባቸውን ያኖሩ የነበረው እርሱ በሌለበት ቦታ ነው። ትክክለኛውን ስፍራ ያገኙትም የከተማው ሹማምንት አይደሉም። የአሮጌውን መዝገብ ቍጥር ከመሬቱ ጋር እያስተያዩ ብዙ ጊዜ የደከሙ ሁለት የብሌክ አፍቃሪዎች ናቸው። በኦገስት 12 ቀን 2018 በሣሩ መካከል በመቃብሩ ላይ አዲስ ድንጋይ ተነጠፈ።

እንግዲህ ሼፐርድ ድንጋዩን አክብሮ ስፍራውን አጠፋ። ይህ የእርሱ ብቻ ጥፋት አይደለም፤ የዘመኑ ሰው ሁሉ መታሰቢያን ከሐውልት ጋር አንድ አድርጎ ይመለከት ነበር። ሐውልት ግን ሊዛወር የሚችል ዕቃ ነው፤ መቃብር ግን ስፍራ ነው። በቅዱስ ፓንክራስ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የታየውም ይኸው ነው። በ1860ዎቹ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ መቃብሮቹ ተቈፈሩ፤ ሥራውን ከተቈጣጠሩት አንዱ በኋላ ታላቅ ደራሲ የሆነው ወጣቱ ቶማስ ሃርዲ ነበረ። በግቢው ውስጥ የመቃብር ድንጋዮች በአንድ ዛፍ ግንድ ዙሪያ ክብ ሠርተው ተደርድረው ይገኙ ነበር፤ ሕዝቡም የሃርዲ ዛፍ ይለው ነበር። ጐብኚ ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሣው እርሱን ነበር። እኔ ግን እነዚያ ድንጋዮች ስማቸውን ይዘው ከባለቤቶቻቸው ተለይተው ሲታዩ ውበታቸው የምርኮ ዕቃ ውበት መስሎ ይታየኛል። ዛፉ በዲሴምበር 2022 ወደቀ።

ሁለተኛው ነቀፌታ ስለ ደቡቡ የብረት ዐጥር ነው። ሐውልቶቹ ያረጁ በመሆናቸው ሰው ላይ እንዳይወድቁ መከለላቸው ይገባናል። ዳሩ ግን ከዚህ የተነሣ ሕያዋን በአንድ በኩል፣ ሙታን በሌላ በኩል ሆነው እንደ አራዊት መጠበቂያ በብረት መካከል ይተያያሉ። ሰሜኑ መቃብር መሆኑ የተረሳ መናፈሻ፣ ደቡቡ ሰው የማይረግጠው ቤተ መዘክር ሆነ። መቃብርን ከሕያዋን ጋር ያስታርቃል የተባለው ሥራ በመሠረቱ ሁለቱን ያፋታ ሥራ ነው።

በዚያው ሠፈር ጥቂት እልፍ ብሎ የኩዌከሮች አሮጌ መቃብር አለ፤ መሪያቸው ጆርጅ ፎክስ በ1691 የተቀበረው በዚያ ነው። ኩዌከሮች በጥንት ልማዳቸው በመቃብር ላይ ድንጋይ ማቆምን እንደ ትዕቢት ይቈጥሩት ነበር። ስለዚህ ስፍራቸው ትንሽ መናፈሻ ሲሆን የሚነቀል ሐውልት አልነበረም። ያም መናፈሻ ከባንሂል ይልቅ የተራ ነው፤ ነገር ግን ከእምነታቸው ጋር የሚቃረን ነገር ስላልተደረገበት በሕሊና በኩል የበለጠ ጤናማ ነው። አንድ ዐይነት ንድፍ ለሁለት ማኅበረ ሰብ አንድ ዐይነት ነገር እንደማይሆን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

በአገራችን ነገሩ ከሥሩ ይለያል። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ለሕያዋን ይከፈት ብሎ ማንም ሕግ ማውጣት አላስፈለገውም፤ ከጥንትም ክፍት ነውና። ሰንበቴ የሚጠጣበት፣ ዝክር የሚዘከርበት፣ መንገደኛ በጥላው የሚያርፍበት፣ ነዳይ በደጀ ሰላሙ የሚቀመጥበት ይኸው መቃብር ያለበት ግቢ ነው። ከሁሉም ይልቅ ሊጠና የሚገባው የመቃብር ቤት የሚባለው ነው። ቤተ ሰብ በሟቹ መቃብር ላይ ቤት ይሠራል፤ በቤቱም መነኵሲት ወይም የቆሎ ተማሪ ያድርበታል። ነዋሪው መጠለያ ያገኛል፤ ሟቹ ደግሞ ጠባቂና ጸሎተኛ ያገኛል። የአውሮፓ ነዳፊዎች በሣርና በወንበር ሊፈጥሩት የሚደክሙበትን የሕያዋንና የሙታን ጉርብትና ይህ ትንሽ ቤት ያለ ፕላን ፈጽሞታል። በፍትሐት ጊዜ የሚጠራውም በሐውልቱ ላይ የተቀረጸው የዓለም ስም ሳይሆን የክርስትና ስም ነው። ስለዚህ የመታሰቢያው ዋና መሣሪያ ድንጋይ ሳይሆን ስምና የሚጠራው አፍ ነው። በሙስሊሞች ዘንድም መቃብር ቀለል ያለ ይሆን ዘንድ ሃይማኖቱ ስለሚያዝ የሐውልቱ ጥያቄ በሌላ መልክ ይነሣል፤ እርሱን የሚችሉት ሊጽፉበት ይገባል።

ይህን ስል ግን የእኛ ነገር ደኅና ነው ማለቴ አይደለም። በአዲስ አበባ በብዙ አድባራት የሲሚንቶና የእብነ በረድ ሐውልት ግቢውን አጨናንቆታል፤ ባለጸጋው ለአንድ ሰው የሦስት ሰው ስፍራ ይይዛል፤ የመተላለፊያ መንገድ ጠፍቶ ቀባሪ በሌላው መቃብር ላይ እየተረማመደ ይሄዳል። ሣሩና ዛፉም ቀንሷል። አንዳንድ ጓደኞቼ «ለሕያው ድኻ ጥላና ንጹሕ አየር ያስፈልገዋል፤ ለሞተ ሰው ምን ጐደለበት?» ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ ኀይል አለው፤ በሎንዶንም መናፈሻዎቹን ያስከፈተው ለድኾች መንደር አየር ማስፈለጉ ነበር። ነገር ግን ክርክሩ የሚዘነጋው አለ፤ ለሐውልት ገንዘብ የሌለው ድኻ ከሞቱ በኋላ የሚቀርለት ንብረት ያች ስፍራ ብቻ ናት። መቃብር ሲጠረግ ባለ እብነ በረዱ ድንጋዩን ያዛውራል፤ ምልክት የሌለው ግን ፈጽሞ ይጠፋል። ብሌክን ያዳነው ዝናው ሳይሆን 77 እና 32 የሚሉት ሁለት ቍጥሮች ናቸው፤ እነዚያም ቍጥሮች ለማንም ሥራ ፈላጊና ለማንም አሮጊት በእኩል ይጻፉ ነበር። በአንጻሩ በአክሱም ታላላቆቹ ሐውልቶች ቆመው ሳሉ ከሥራቸው የተቀበሩት እነማን እንደ ሆኑ በርግጥ የሚነግረን የለም።

አሁን አዲስ አበባ ብዙ የምትፈርስበትና ብዙ የምትሠራበት ዘመን ላይ ናት። የአንድነት ፓርክ በ2019፣ የእንጦጦ ፓርክ በ2020 ተከፍተዋል፤ ከ2024 ጀምሮም የኮሪደር ልማት የመንገዶቹን ዳር ሁሉ እየለወጠ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ አሮጌ መቃብሮችም አንድ ቀን የነዳፊዎች ጠረጴዛ ላይ መቅረባቸው አይቀርም። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ የሣር ምርጫ ሊሆን አይገባም። ግቢውን በቁመትና በአግድም ከፍሎ የእያንዳንዱን መቃብር ስፍራ በቍጥር መያዝ፣ የዓለሙንም የክርስትናውንም ስም ከየዕድሩ መዝገብና ከሽማግሌዎች ቃል ሰብስቦ መጻፍ፣ በመቃብር ቤት የሚኖሩትንም ማን እንዳስቀመጣቸውና ስለማን እንደሚጸልዩ መጠየቅ ይቀድማል። ይህ ሥራ ለተማሪዎቻችን የአንድ ክረምት ሥራ ነው። ከመዝገቡም አንዱ ቅጂ በአጥቢያው፣ ሁለተኛው በዕድሩ፣ ሦስተኛው በቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ፣ አንዱ በእሳት ወይም በቸልታ ቢጠፋ እንኳ ሌላው ይገኛል።