የተዳፈነ እሳት

ማታ የተዳፈነ እሳት ለዓይን የጠፋ ይመስላል። አመዱን ገለጥ ሲያደርጉት ግን ሌሊቱን ሙሉ ከሰሉን ሲበላ ያደረ ፍም ይወጣል። ራስበሪ ፓይ 5 የተባለው ባለአንድ ቦርድ ኮምፒውተርም ሲዘጋ እንዲሁ ነው።

ዓርብ ማታ የሙቀት መመዝገቢያ ያደረግሁትን ቦርድ በትእዛዝ ዘግቼ ሄድኩ። ሙሉ የነበረውን ባለ12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ሰኞ ጠዋት ባዶውን አገኘሁት። የጠረጠርኩት ባትሪውን ነበር። ሌላ ከመግዛቴ በፊት ግን በመስመሩ መካከል የዩኤስቢ መለኪያ አስገባሁ፤ ጠፍቷል ያልኩት ቦርድ 1.5 ዋት ገደማ ይስባል። በ60 ሰዓት 90 ዋት-ሰዓት መሆኑ ነው፤ ባትሪው ሞልቶ የሚይዘው 84 ብቻ። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ እስከ ታች ሲሟጠጥ ዕድሜው ያጥራል።

ቦርዱ ሲዘጋ ሊኑክስ ሥራውን ያቆማል፤ ኃይል አከፋፋዩ ቺፕ ግን ዋናውን ፕሮሰሰር መመገቡን አይተውም። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። በ40ዎቹ ፒኖች ላይ የሚሰካ ተጨማሪ ቦርድ 5 ቮልቱን ከመግቢያው፣ 3.3 ቮልቱን ከአከፋፋዩ ያገኛል። 3.3ቱ ተቋርጦ 5ቱ ሲቀር የሚታወኩ ቦርዶች አሉ።

እንዲህ ያለ ቦርድ ያልሰካ ሰው ግን ፍሙን ማሳደር አያስፈልገውም። በማስነሻ ሶፍትዌሩ ቅንብር ውስጥ «ፓወር ኦፍ ኦን ሃልት» የሚለውን 1፣ «ዌክ ኦን ጂፒአይኦ» የሚለውን 0 ማድረግ ይበቃል። እኔም ያንን አድርጌ ስለካ የዩኤስቢ መለኪያው ዜሮ አለኝ። ዜሮውን አላመንኩትም፤ ርካሽ መለኪያ ጥቃቅን ፍሰት አያይም። መልቲሜትሬን በሚሊአምፔር መለኪያ አድርጌ በመስመሩ መካከል ሳስገባ ጥቂት ሚሊአምፔር ቀርቷል። 12ቱን ወደ 5 የሚያወርደው መቀየሪያም የራሱን ድርሻ ስለሚወስድ፣ ከዚያ ወዲህ የምለካው ከባትሪው በኩል ነው።

ተጨማሪው ቦርድ የግድ ከሆነ ደግሞ በመግቢያው ላይ ማብሪያና ማጥፊያ አስገባለሁ፤ የምቆርጠውም ሊኑክስ ከተዘጋ በኋላ ነው፣ አለዚያ በሚሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ፋይል ሊበላሽ ይችላል።

እሳት የሚዳፈነው ለጠዋት እንዲገኝ ነው። ፓይ 5 ግን የራሱ ሰዓት አለው፤ በዚያ ቅንብር ተዘግቶ እንኳ፣ መግቢያው ላይ ኃይል እስካልተቆረጠበት ድረስ፣ በተቀጠረለት ደቂቃ ይነሳል። ክብሪት በእጁ ያለ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከሰል አያስበላም።