የኪቦርድ ሙዚቃን በማሲንቆ ሚዛን

የኪቦርድ ሙዚቃ ሁሉ አንድ ነው፣ ነፍስ የለውም የሚል ሰው ከመሐል ሜዳ እስከ አዲስ አበባ ሞልቷል። ምክንያትም አያጣም፦ ሰርግ ቤት ገብቶ፣ ተጫዋቹ ምቱን ለቆ እጁን ሲያሳርፍ ሰምቷል። ጥፋቱ ግን የመሣሪያው አይደለም። ኪቦርድም አዝማሪ በሚመዘንበት ሚዛን ሊመዘን ይገባል፤ ሚዛኑን የሚያልፍ ሥራም አለ። እኔ ደጋግሜ የምጠቅሰው የሰሜን ሸዋ ሰው የሠሩትን ካሴት ነው።

ጋሽ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ደብረ ብርሃን ተወልደው በአሥር ዓመታቸው አዲስ አበባ ገቡ። አኮርዲዮንን በራሳቸው ለመዱ፤ ኖታ ማንበብና መጻፍን ከጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል አገኙ። ከዋልያስ ባንድ ጋር በሂልተን ሆቴል ዓመታትን አሳለፉ፤ በ1977 «ቼ በለው» የተባለው አልበማቸው ወጣ። ባንዱ በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሲሄድ እሳቸው እዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን አካባቢ ወደ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ገቡና ያለ ባንድ «ሸሞንሙናዬ» የተባለውን ካሴት ቀዱ፦ አኮርዲዮን፣ ሮድስ፣ ሙግና ያማሃ ዲኤክስ 7 የተባሉ ኪቦርዶች እንዲሁም ድራም ማሽን፤ ሁሉንም በራሳቸው እጅ።

ካሴቱን ሲያገኙ መጀመሪያ ቅኝቱን ይፈልጉ። ከቅኝቶቹ አምባሰልን እንውሰድ። የመነሻው ድምፅና ሁለተኛው በጣም የተጠጋጉ ናቸው፤ ማሲንቆ መቺ በሁለቱ መካከል ጣቱን እያንሸራተተ፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እየሳበ ሆድ ያባባል። የኪቦርድ ቁልፍ ይህን አያውቅም። ከአንድ ድምፅ እስከ አቻው (ኦክታቭ) ያለውን ርቀት አሥራ ሁለት እኩል ቦታ ቆርጦ ነው የሚሰጠው፤ ጣት የሚንሸራተትበት ክፍተት የለም። ታዲያ ደካማ ተጫዋች ጉድለቱን በብዙ ድምፅ ይሸፍነዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን መዝሙርም ከፈረንጅ ዘፈንም የለመደውን ኮርድ ሥሩ ይደረድርና አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች ታፍነው ይቀራሉ። ጋሽ ኃይሉ ያደረጉት ተቃራኒውን ነው። ዜማውን ራቁቱን ይተዉታል፤ ከዋናው ድምፅ በፊት ጎረቤቱን ነካ አድርገው ያልፋሉ፤ የማይንሸራተተው ቁልፍ የሚንሸራተት እስኪመስል ድረስ። አኮርዲዮኑ ደግሞ በክንድ የሚገፋ አየር ስላለው ይተነፍሳል፤ ዜማውን ለእሱ አደራ መስጠታቸው የካሴቱ ትልቁ ብልሃት ይመስለኛል።

ከዚያ ምቱ። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሰርግ ላይ ጭብጨባው እንዳለ አይቆይም፤ እስክስታው ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ከበሮ መቺው ትከሻ እያየ ይከተላል። ድራም ማሽን ትከሻ አያይም። በሰዓቱ ጀምሮ በሰዓቱ ይጨርሳል። ስለዚህ የሚለካው ማሽኑ ሳይሆን በላዩ የሚሄደው እጅ ነው፦ ዜማው ከምቱ ጋር እኩል እየረገጠ ከሄደ ሥራው ሞቷል፤ ጥቂት ዘግየት፣ ጥቂት ቀደም እያለ ምቱን መልሶ የሚያገኘው ከሆነ ሰው አለበት ማለት ነው። «ሸሞንሙናዬ» የሚለውን ዜማ ሲያዳምጡ ለምቱ ጆሮ ነፍገው አኮርዲዮኑን ብቻ ይከተሉ፤ ብቻውን ይቆማል።

የድምፅ ምርጫውም ይታይ። ዲኤክስ 7 በ1983 ገበያ ሲወጣ ፋብሪካው ያዘጋጀለትን ድምፅ ይዞ ነበር፤ ብዙ ሙዚቀኛ ዓለምን ሙሉ ያንኑ አሰማ። ሮድስ መዶሻ ብረት ሲመታ የሚወጣ ክብ ድምፅ አለው፤ ሙግ ወፍራም ነው። ጥሩ ሥራ ላይ እያንዳንዱ የየራሱን ድርሻ ይሠራል፤ መጥፎው ላይ ሁሉም በአንድነት ይንጫጫል።

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ግን ሽለላ ነው። ካሴቱ ላይ በዚሁ ስም አንድ ሥራ አለ። ሽለላን ያሳደገው የደጋው ሜዳ ነው፤ ቃል፣ ትንፋሽና ቁጣ ነው፤ ሸላዩ ሲፈልግ ያስረዝመዋል፣ ሲፈልግ ይቆርጠዋል። ያለ ቃል በቁልፍ ሲጫወቱት የሚቀረው የዜማው አወጣጥና አወራረድ ብቻ ነው። ሲሰሙት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ድምፁ ሲወጣ አከርካሪዎ ቀና ይላል?

ካሴቱ እንከንም አለው። ከዳር እስከ ዳር ባንድ ጊዜ ሲሰማ የምቱ ድርቅና ያደክማል፤ ሁለት ሦስት ዜማ እየሰሙ ጆሮን ማሳረፍ ይሻላል።

ስለ አቀባበሉ ብዙ ተብሏል። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው አሳታሚው በ2013 ዳግም አወጣው። ዋሽንግተን አካባቢ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዱ፣ ተሳፋሪ ሲጠብቁ መኪናቸው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመዱ የነበሩት ጋሽ ኃይሉ እንደገና መድረክ ወጡ። እጅግ ደስ ይላል፤ ይገባቸዋል። ነገር ግን የውጭ አድማጭ የወደደው በአብዛኛው የማሽኑን እንግዳነት ነው። አምባሰልን ከባቲ የማይለይ ጆሮ ቅኝቱ ተጠብቋል ወይስ ፈርሷል ብሎ ሊፈርድ አይችልም። ያን ፍርድ መስጠት የኛ ድርሻ ነው፤ የውጭውን ሙገሳ እየጠቀስን ከሥራው አንሽሽ።

የጋሽ ኃይሉን እጅ ከማሽኑ ለይቶ ማወቅ ለሚፈልግ በ2018 የወጣው «ላላ በሉ» የተባለው አልበም አለ፤ ከበሮውን ቶኒ ባክ፣ ቤዙን ማይክ ማይኮቭስኪ ይዘውላቸዋል። ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ቀን አከታትለው ያዳምጡ። ሰው ከበሮ ሲመታላቸው የሚለወጠውንና በ1985ም ሆነ በ2018 ያልተለወጠውን ይለዩ፤ ያልተለወጠው የጋሽ ኃይሉ ነው።