ስለ እንግሊዝኛ ፈሊጥና ስለ አተረጓጐሙ

በአዲስ አበባ በቦሌ ክፍል ሩዋንዳ የሚባል ሰፈር አለ። ከታክሲ ተሳፋሪዎች አንዱ «ሩዋንዳ ወራጅ አለ» ብሎ ቢጣራ፥ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ይህ መንገደኛ ወደ ሌላ መንግሥት ይሻገራል ብሎ አያስብም፤ ፓስፖርትህ ወዴት ነው ብሎም አይጠይቀውም። የአገር ስም በኤምባሲው ምክንያት የሰፈር ስም ሆኖ ተለምዷልና። አማርኛን ገና የሚማር እንግዳ ግን ነገሩን ቃል በቃል ቢተረጕመው፥ ከአገር ወደ አገር የሚያደርስ ታክሲ ያገኘ ይመስለዋል።

የፈሊጥም ጠባይ እንዲሁ ነው። ፈሊጥ ማለት የቃላቱ ትርጓሜ አንድ በአንድ ቢደመር የማይገኝ፥ በልማድ ግን ለባለ ቋንቋው ሁሉ የታወቀ አነጋገር ነው። እንግሊዝኛ በዚህ ዓይነት አነጋገር እጅግ የበለጸገ ነው። በ1986 ዓ. ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ስላደረገው፥ ፈሊጡን ማወቅና አለማወቅ የቅንጦት ነገር አይደለም። ተማሪው ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በግራ የእንግሊዝኛው አነጋገር፥ በቀኝ አንዲት የአማርኛ ቃል የተጻፈበት ዝርዝር ነው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

«ቴክ» የሚለውን ግሥ እንመልከት ቢባል፥ መነሻው ወሰደ ማለት ነው። «ኦፍ» የምትባል ትንሽ ቃል ስትከተለው ግን እንደ መጽሐፍ መምህራን አንድም እያሉ ካልተረጐሙት በቀር አይፈታም። አንድም ልብሱን አወለቀ፤ አንድም አውሮፕላኑ ተነሣ፤ አንድም ሥራው ተሳካለትና ገነነ። «አፍተር» ስትከተለው ደግሞ ልጁ በአባቱ ወጣ፥ ማለት አባቱን መሰለ፥ ይሆናል። «ጊቭ» ሰጠ ሲሆን፥ «ጊቭ አፕ» ተወ ወይም ተስፋ ቈረጠ፥ «ጊቭ ኢን» ተረታ፥ «ጊቭ አዌይ» በነጻ አደለ ወይም ምሥጢር አወጣ ነው። ትንሺቱ ቃል እንደ መሪ ሆና ትልቁን ግሥ ወደ ወደደችው ታዞረዋለች።

ብዙ ተማሪዎች ይህን የእንግሊዝኛ ብቻ ዕንቆቅልሽ አድርገው ይፈሩታል። ፍርሃቱ ግን ከገዛ ቋንቋ ካለማስተዋል የመጣ ነው። አማርኛስ ቢሆን «አለ» የሚለውን ግሥ ምን ያህል ያገላብጠዋል? ብድግ አለ፥ ቁጭ አለ፥ ዝም አለ፥ ቸል አለ፥ ልብ አለ። ዝም ያለ ሰው ምንም አላለም፤ ልብ ያለም ሰው ልብ የሚል ቃል ከአፉ አላወጣም። አንድ እንግሊዛዊ እነዚህን ቃል በቃል ቢተረጕማቸው የሚያስቀውን ያህል፥ የእንግሊዝኛውን ቃል በቃል የሚተረጕም ኢትዮጵያዊም ያስቃል። የራሱን ፈሊጥ አጥርቶ የሚያውቅ ተማሪ የሌላውን ለመያዝ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ከሁሉ የሚያሳስተው ፈጽሞ ያልታወቀው ፈሊጥ ሳይሆን፥ መልኩ ተመሳስሎ ልቡ የተለየው ነው። እንግሊዛዊ እጅ ሰጠ ሲል ረዳ ማለቱ ነው፤ በአማርኛ እጅ የሰጠ ሰው ግን ተማርኳል። ስለዚህ ርዳታ የፈለገ ሰው ወደ ጎረቤቱ «እጅ ስጠኝ» ብሎ ቢጽፍ፥ ጦርነት ያወጀ ይመስላል። በእንግሊዝኛ ቃሉን የበላ ሰው ቀድሞ የተናገረው ስሕተት መሆኑን ሳይወድ ያመነ ነው፤ በአማርኛ ቃሉን የበላ ግን የገባውን ኪዳን ያፈረሰ ነው። አስተርጓሚው በሸንጎ ፊት ሁለቱን ቢያቀላቅል፥ ስሕተቱን ያመነውን ሰው ከዳተኛ ያደርገዋል። በአንጻሩ «ቀዝቃዛ ትከሻ» የሚለው የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ቃል በቃል ቢመጣ ለአማርኛ ሰሚ ምንም አይነግረውም፤ ፊት ነሣው ቢባል ግን ነገሩ ሳይጐድል ይደርሳል። ስለ ዝናብም እንግሊዝኛው ድመትና ውሻ ያዘንባል፤ አማርኛው ዶፍ ያወርዳል።

ትርጓሜው ቢገኝ እንኳ ክብሩ ሊሳት ይችላል። «ባልዲውን ረገጠ» የሚለው እንግሊዝኛ ሞተ ማለት ነው ተብሎ በዝርዝር ይጻፋል። ትርጓሜው እውነት ነው፤ ነገር ግን አነጋገሩ የቀልድ ነው። አማርኛ ክልትው አለ፥ ሞተና ዐረፈ የሚሉትን ለየቦታቸው እንደሚለይ፥ እንግሊዝኛም እንዲሁ ይለያል። ዝርዝሩን ብቻ ያጠና ወጣት አባቱ ለሞተበት ወዳጁ የኀዘን ደብዳቤ ሲጽፍ ይህን ፈሊጥ ቢያገባበት፥ ሰዋስው ሳያጐድል ወዳጁን ያጣል።

ጉዳቱ ወደ አማርኛም ተመልሷል። «ቴክ» የሚለው ግሥ በትርጉም በር ገብቶ ብዙ የአማርኛ ግሦችን ከቦታቸው አስነሥቷል። ተፈተነ መባሉ ቀርቶ ፈተና ወሰደ፥ ታጠበ መባሉ ቀርቶ ሻወር ወሰደ፥ ፎቶ አነሣ መባሉ ቀርቶ ፎቶ ወሰደ ይባላል። ከሁሉ የሚያሠጋው የመድኃኒቱ ነው። አማርኛ ክኒኑን ዋጠ፥ ሽሮፑን ጠጣ፥ ቅባቱን ተቀባ ብሎ አሠራሩን በግሡ ያስተምራል። «በቀን ሦስት ጊዜ ይውሰዱ» የሚለው ጽሕፈት ግን ይዋጥ፥ ይጠጣ ወይስ ይታኘክ አይናገርም። ማንበብን በጭንቅ ለሚያውቅ በሽተኛ ይህ የቋንቋ ውበት ጉዳይ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው።

ይሁን እንጂ ከውጭ የመጣ አነጋገር ሁሉ ይባረር ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። እርምጃ ወሰደ የሚለው ሥር ሰዷል፤ ሌላ አንድ ቃል ተክቶት የማይሠራውን ሥራ ይሠራልና። ከመጽሐፍ ቅዱስ የተቀዱ አነጋገሮችም በትርጉም ገብተው የሕዝብ ሆነዋል። ከእነዚህ አንዱ እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ ነው። እንግሊዝኛው በዚሁ ስፍራ የዓይን ፖም ይላል፤ አማርኛው ግን ፖሙን ትቶ ብሌኑን ስለ ያዘ፥ ሰሚው ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። መለኪያው እንግዲህ የቃሉ አገር ሳይሆን አገልግሎቱ ነው፤ ከዚህ ቀደም ያልነበረ አሳብ ካመጣ ይግባ፥ ያለውን ግሥ ሥራ የሚያስፈታ ከሆነ ይመለስ።

ለዚህ ሥራ የሚረዱ መጻሕፍት አልጠፉም። ዎልፍ ሌስላው በ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተመው የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት የእንግሊዝኛውን ቃል በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ይተረጕማል። አንድ ግሥ በልዩ ልዩ ስፍራ ልዩ ልዩ አማርኛ እንዲያገኝ ማድረጉ ትልቁ ምስጋናው ነው። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ስለ ሆኑ ግን አነጋገሩ ለቀልድ ይሁን ለክብር ሁልጊዜ አይታወቅባቸውም፤ ከታተመም ከ50 ዓመት በላይ ስለ ሆነ፥ በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ የመጡት እንደ «ሎግ ኢን» ያሉ አነጋገሮች የሉበትም። አምሳሉ አክሊሉና የ«አደፍርስ» ደራሲ ዳኛቸው ወርቁ ያዘጋጁት «የአማርኛ ፈሊጦች» ደግሞ በሌላው ወገን ያለውን ሀብት ሰብስቦ ያሳያል። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ የሚሠራ ተርጓሚ ከብዙ ስሕተት ይድናል።

የቸኰለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። መምህሩ አንድ ፈሊጥ ሲያስተምር ትርጓሜውን ብቻ ሳይሆን ማን፥ ለማን፥ በምን ጊዜ እንደሚናገረው ጨምሮ ይንገር፤ ተማሪውም እያንዳንዱን በዐረፍተ ነገር ይጻፈው። ተርጓሚው ደግሞ የእንግሊዝኛውን ገጽ ካነበበ በኋላ መጽሐፉን ዘግቶ፥ እንግሊዝኛ የማያውቅ አንድ ሽማግሌ ይህንኑ ነገር ለልጁ ቢነግር ምን ይል እንደ ነበር ያስብ። የጻፈው ከሽማግሌው አፍ የማይወጣ ከሆነ፥ ሥራው ገና አላለቀም።